ሌላ ሰው የማይመልስልኝ

ያቺ ጉብታ ስም አልነበራትም። በካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበራት። እኛ «ራሰ በራዋ» እንላት ነበር፤ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልበቀለባትም። መንገዱ ከጀርባዋ ይመጣና በቀኟ ዞሮ ቁልቁል ወደ እኛ ይወርዳል። ከላይ የሚመጣ ሰው እኛን የሚያየን ጉብታዋን ከዞረ በኋላ ነው፤ እኛም እሱን የምናየው ያኔ ነው። በመሐላችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢኖር ነው።

ይህን የምጽፈው ጀግንነት ላወራ አይደለም። ጀግንነት አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ከብባችሁኝ «ወታደር ቤት እንዴት ነው? ብመዘገብ ይሻለኛል?» የምትሉኝ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ስላላችሁ ነው። እኔ ቆሜ ማውራት አይሆንልኝም። ቁልፌን እያንቃጨልኩ «ደህና ነው» ብዬ መኪናዬ ውስጥ እገባለሁ። ደህና ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ከዚህ በላይ እንዲበዛብኝ አልፈልግም።

በዲቪ ከእናትና አባቴ ጋር ስመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል፣ ባቡሩ የሚያበቃበት አካባቢ አፓርታማ ተከራየን። ሃይስኩል እዚያው ጨረስኩ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ መቀመጥ አልችልም። ሁለት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ሸጥኩ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ እኔ ቲማቲም እከትፋለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ብዬ ወጣሁና መንገዴን ቀይሬ የጦሩ መመልመያ ቢሮ ገባሁ። ለአባቴ የነገርኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ማንን ጠይቄ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንንም፣ አልኩት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም።

የጭነት መኪና ሾፌር አደረጉኝ፤ በኋላም መትረየስ ላይ የምትቆም ሴት። የዲቪው ፎርም ሲሞላ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ስለገባ፣ ደረቴ ላይ የተሰፋው «ገብረየስ» የሚል ነው። አያቴ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጠብመንጃ ነክቶ አያውቅም። እኔ ጦር ሜዳ ላይ የሠራሁት ሁሉ የተመዘገበው ግን በእሱ ስም ነው። ጓዶቼ ምላሳቸው አልዞር ሲላቸው «ጌብ» አሉኝ። እዚያ በቆየሁበት ዘጠኝ ወር ትዕግሥት ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

አፍጋኒስታን የገባነው ጦሩ ሊወጣ ነው በሚባልበት ዘመን ነው። ሥራችን ውሃ፣ ነዳጅና ምግብ ወደ ትንንሽ ካምፖች ማድረስ ነበር። በቡድናችን ዘጠኝ ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። ስለዚህ ለብቻዬ አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ሌሎቹ በዚያኛው በኩል ካርታ እየተጫወቱ ሲሳሳቁ በጣውላው ግድግዳ ይሰማኛል። ደውዬ እናቴን እንዳላወራ ታለቅሳለች። አባቴን እንዳላወራ ዝም ይላል። ግድግዳውን አዳምጥ ነበር።

የቡድኑ መሪ ሳጅን ዊልክስ የሎረንስቪል ልጅ ነበር። ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይርቅ ሰው የተዋወቅሁት ዓለም ጫፍ ሄጄ ነው። እናቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ታሠለጥናለች፤ እሱም ጎማ ሲፈትሽ በወፍራም ድምፁ መዝሙር ያንጎራጉራል። አንድ ቀን ለምን ስጸልይ እንደማያየኝ ጠየቀኝ። እናቴ ትጸልይልኛለች አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

«በዚያ በፍርድ ቀን እናትሽን ይዘሽ ነው የምትቆሚው?» አለኝ። «ሰልፉ ላይ አስቀድመሽ ወረፋ ልታሲዣት?»

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንድንወጣ ታዘዝን። አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ደረስን። አንድ ባለሞተር ሳይክል ወደ ሁለተኛው መኪና ተጠጋ። እጁን እያውለበለበ ነበር። ፈነዳ። ኦርቲዝ ወዲያው ሞተ። ዴሊ አርባ ደቂቃ ቆየ። ሄሊኮፕተሩ በአርባ አንደኛው ደቂቃ መጣ። ደሙን ከመሪው ላይ ጠርገን ውሃውን አድርሰን ተመለስን። ማታ በጣውላው ግድግዳ በኩል ምንም አልተሰማም።

ሐሙስ እንደገና ወጣን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ከራሰ በራዋ ግርጌ የፊተኛው መኪና ጎማ ፈነዳ። ቆምን። ዊልክስ ወርዶ ጎማ መፍታት ጀመረ። እኔ ከላይ መትረየሱ ላይ ነበርኩ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መኪና ከቀረበ መጀመሪያ በእጅ ምልክት ታሳያለህ። ካልቆመ ፍሌር ትተኩሳለህ፤ እስክሪብቶ የምታህል ነገር ናት፣ ወደ ሰማይ ወጥታ ቀይ ብርሃን ትረጫለች። ካልቆመ ከፊቱ መሬት ላይ ጥይት። ካልቆመ ሰውየውን። አራት ደረጃ። በእንቅልፍ ልባችን እናውቀው ነበር።

ነጭ መኪና ጉብታዋን ዞሮ መጣ።

«ጌብ፣ ምን ይታይሻል?» አለ ዊልክስ ከታች።

«አንድ ሰው። አይቆምም።»

እጄን አነሣሁ። ፍሌሯ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋትም። መሬት ላይም አልተኮስኩም። የመኪናው አፍንጫ ወደ መሬት ዝቅ ሲል አየሁ። ተኮስኩ።

የመኪና አፍንጫ ዝቅ የሚለው ፍሬን ሲያዝ ነው። ይህን አሁን የተማርኩት አይደለም፤ ያኔም ሾፌር ነበርኩ። እስከ ዛሬ የማላውቀው ሌላ ነገር ነው። ሊቆም መሆኑ ገብቶኝ ነው የተኮስኩት፣ ወይስ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ነው? ኦርቲዝና ዴሊ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንዲመጣልኝ ስፈልግ ነበር። ይኼን ያክል አውቃለሁ።

ሰውየው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ጢሙን ሂና ተቀብቷል። የኋላ ወንበሩ ላይ ሐብሐብ ጭኗል። ፈንጂ የለም። ዊልክስ ደሙን ሊያቆም አሥር ደቂቃ ታገለ። ከዚያ ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገ። እኔ ቦታዬን መልቀቅ አልተፈቀደልኝም፤ ውረጂ ያለኝም የለም። ሐብሐቦቹ ከተከፈተው በር ወጥተው ቁልቁል ሲንከባለሉ አይ ነበር።

ካምፕ ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሻምበሉ ቃላችንን በጽሑፍ እንድንሰጥ አዘዘ። ዊልክስ ወረቀቱን ይዞ ከፊቴ ተቀመጠ። እጅ አሳይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ። ፍሌር? አዎ። መሬት ላይ? አዎ። ሦስት አዎ፣ አንዱ ብቻ እውነት። በአያቴ ስም ፈረምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዊልክስ ዕቃ ሲፈትሽ የእኔ ፍሌሮች ጋ ደረሰ። የተሰጡኝ ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም አሉ። ቁጭ ብሎ እንደገና ቆጠራቸው። ከዚያ አንዷን አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ቅጹ ላይም አምስት ብሎ ጻፈ።

«ሳጅን» አልኩት።

«በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው ሰጥቻለሁ። ሦስተኛ አልሰጥም» አለ። ቀና ብሎም አላየኝ። «በዚያ ቀን ከተጠየቀ እኔ እመልሳለሁ። አንቺ መትረየስሽን ጥረጊ።»

ጠረግሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሸክሜን ያነሣልኝ ሰው አገኘሁ አልኩ። በእናቴ ጸሎት የሳቀብኝ ሰው እሱ ራሱ በእኔ ቦታ ሊቆም መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዊልክስ ከመንገዱ ሥር ያለ የውሃ ቱቦ ሊያይ ወረደ። ፈንጂው ከቱቦው ውስጥ አልነበረም፤ ከጎኑ ነበር። እኔ ሦስተኛው መኪና ላይ ነበርኩ። አቧራው ሲረግፍ እሱ የነበረበት ቦታ ሰው አልነበረም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አትላንታ ስመለስ እናቴ ዳቦ ደፍታ ማኅበርተኞቿን ጠራች። ሁሉም ሳሙኝ። አንዷ ወይዘሮ እስቲ ትንሽ ተናገሪ አሉኝ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል ብዬ አመለጥኳቸው። ከወር በኋላ ማሪዬታ ለብቻዬ ቤት ያዝኩና ዕቃ የማደርስበት የጭነት መኪና ላይ ተቀጠርኩ። ማሪዬታ ሰው ያለ መኪና አይንቀሳቀስም፤ እኔ ደግሞ ከመኪና አልወርድም። ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላው ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ። አንዳንድ ቀን «እዚህ ጋ ፈርሚ» ከሚለኝ ሰው በቀር የሚያናግረኝ የለም። የጦሩ ምልክት ያለበትን ኮፍያዬን ያየ ደግሞ ስለ አገልግሎቴ ያመሰግነኛል። ምን እንዳገለገልኩ የጠየቀኝ የለም።

እየነዳሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ሰው ሁሉ ለየብቻው ይቆማል፣ የሠራው ይነበብለታል። ዊልክስ ቆሟል። ስለ ራሱ ተጠይቆ ሲጨርስ፣ ስለ እኔ ቀጥሎ ይጠየቃል። እኔ እዚህ መብራት ላይ ቆሜ ማስቲካ አኝካለሁ። እሱ እዚያ ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ይመልሳል ወይስ እውነቱን? እንዲህ እያሰብኩ አራት ዓመት ነዳሁ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደምታውቁት፣ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ውሎ ወደ ማብቂያው ሕዝቡ ይሰለፋል። ካህኑ ፊት ቀርቦ በጾሙ ያጠፋውን ይናገራል፤ እሳቸውም በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው ይህን ያህል ስገድ ይሉታል። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ሳያውቁ ቅቤ ያለው ብስኩት ሁለት ቀን መብላታቸውን ተናገሩ። አርባ አንድ ተባሉ።

ተራዬ ደረሰ። እኔም ብስኩት ልል ነበር የተሰለፍኩት፤ እውነቴን ነው። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ሰው ገደልኩ። ከዚያ ዋሸሁ። ውሸቴን የተሸከመልኝ ሰው ሞተ» አልኩ።

ድምፄ ትልቅ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰምተዋል። ቀሲስ ይትባረክ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። በቅጠሉ ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«አርባ አንድ» አሉ። «ቀጥሎ።»

ጥግ ይዤ ሰገድኩ። ሃያ ስደርስ ተናደድኩ። ለብስኩት አርባ አንድ፣ ለሰውዬው አርባ አንድ። እሱንም ጨርሼ ሥርዓቱ ሳያበቃ ወጣሁ። መኪናዬን ስከፍት ቀሲስ ካባቸውን በእጃቸው ሰብስበው በመኪኖቹ መሐል እየተሯሯጡ ሲመጡ አየሁ።

«ቁሚ» አሉኝ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ያልሽኝ የገባኝ ሦስት ሰው ካለፈ በኋላ ነው። ያ ቁጥር ለጾም ነው።»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ለሱ እኔ እጠየቃለሁ። ያንቺ ግን በሰልፍ የሚነገር አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ነይ።»

ቀሲስ በሳምንቱ ቀናት ኤርፖርት አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቀበላሉ። በምሳ ሰዓታቸው ሄድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እዚህ ንስሐ ይሆናል ወይ አልኳቸው። እግዚአብሔር ቦታ አይመርጥም፣ የእኔ ምሳ ሰዓት ግን ግማሽ ሰዓት ናት አሉ። ስመ ክርስትናዬን ጠየቁኝ። ጠፋብኝ። የገዛ ስሜ ጠፋብኝ። ለእናቴ ቴክስት አድርጌ እስክትመልስ ሁለታችንም ሲያርፉና ሲነሡ የነበሩትን አውሮፕላኖች አየን። ወለተ ሐና።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉብታዋን፣ ኪሴን፣ ፍሬኑን፣ ሦስቱን አዎ። በመጨረሻ ዊልክስ በዚያ ቀን እኔ እመልሳለሁ እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«ስለ ሌላ ሰው የመለሰ አንድ ብቻ ነው» አሉ ቀሲስ። «እሱም ሳጅን አልነበረም።»

ሳቄ መጣና ወዲያው ጠፋ።

«እሱ የሚጠየቀው የገዛ እጁ ስለጻፈው ነው» አሉ። «ያንቺ እዚሁ አንቺ ጋ ነው። ማንም አልወሰደልሽም።»

የፈለጉትን ያህል ስገጂ ይበሉኝና ልጨርሰው አልኳቸው። እንቢ አሉ። ስግደቱም ጾሙም ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን የዋሸሁትን እንዳስተካክል፣ ለጦሩ እውነቱን እንድጽፍ፣ ለዊልክስም እናት ሄጄ እንድነግር። እስከዚያ አልቆርብም። ጦሩ ሊያስረኝ ይችላል አልኳቸው። ሥራዬም፣ ስሜም፣ እናቴ በማኅበሩ የምትቆምበት ፊትም ይሄዳል። የሚያጽናና ነገር ጠብቄ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። ሰዓታቸውን አይተው ወረዱ።

ለጦሩ ያንኑ ሳምንት ጻፍኩ፤ ወረቀት ቀላል ነው። የዊልክስ እናት ግን ሁለት ወር ፈጀችብኝ። ሎረንስቪል ድረስ ሦስት ጊዜ ነድቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ሚስዝ ዊልክስ የመዘምራኑን ልብሶች ትተኩስ ነበር። ከልጇ ጋር እንደነበርኩ ስነግራት አስገባችኝ። ቁጭ በይ አለችኝ፤ ቆሜ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ካውያውንም አላቆመችም። ስጨርስ አንድ እጅጌ ጨርሳ ገለበጠችው።

«ልጄ ውሸት አይችልበትም ነበር» አለች። «ለምንድነው አሁን የመጣሽው?»

«ቄሴ ልከውኝ።»

«ባይልኩሽስ?»

«አልመጣም ነበር።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ። ይኼኛው እውነት ነው።»

ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሣችብኝ፤ እኔ ለዚያ መኪና እንዳነሣሁት አድርጋ።

«እሱን ዛሬ አትጠይቂኝ። ልጄ በንጹሕ እጁ ሄዷል ብዬ ነበር የምተኛው። አሁን ያንን ወስደሽብኛል።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እሱ የራሱን ይመልሳል፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ አያመካኝም። አንቺም የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ቤት ጥለሽው እንዳትሄጂ።»

ወደ በሩ ስሄድ ስሜን ጠየቀችኝ። ገብረየስ አልኳት። የወታደሩን ሳይሆን እናትሽ ያወጣችልሽን አለችኝ። ትዕግሥት፣ አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈ የጸሎት ዝርዝር ሥር ጻፈችው።

«ይቅርታ ማለት አይደለም» አለችኝ።

«ገብቶኛል፣ ማም።»

መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። እሷ ላይ ከበደ፣ እኔም ላይ እንዳለ ነበር። ቀሲስን በኋላ ተቆጣኋቸው፤ የአንዲት እናት እንቅልፍ ወሰድን አልኳቸው። ይህንንም ጨምሬ እጠየቅበታለሁ አሉኝ። ከሳቸው ጋር የቆየሁት በዚህች መልስ ነው። ሰው ሲያጠፋ «እኔ ነኝ» ሲል ብዙ አልሰማሁም።

ከጦሩ በስምንት ወሩ ስልክ ተደወለልኝ። ልብሴን በቦርሳ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ነኝ። ትሑት የሆነ ወጣት ነው። ደብዳቤዬ መድረሱን፣ ጉዳዩ ድሮ መዘጋቱን፣ የሚከፈትበት ምክንያት እንዳልተገኘ ነገረኝ። ስለ አገልግሎቴም አመሰገነኝ። የሰውየውን ስም ፋይሉ ላይ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል። «አንድ የአካባቢው ነዋሪ፣ ወንድ» ይላል አለኝ። ሌላ የለውም።

እንግዲህ ሙታኖቻችንን ልቁጠር። ኦርቲዝ፣ ድልድዩ ጋ፣ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት። ዴሊ፣ እዚያው፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ። ሳጅን ዊልክስ፣ ቱቦው ጋ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ሐብሐብ የጫነው ሰው፣ ከራሰ በራዋ ግርጌ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት። አራት ናቸው። ሦስቱን ጦሩ ቆጥሯቸዋል። አራተኛውን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

መመዝገብ አለመመዝገባችሁን እኔ አልወስንላችሁም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። እዚያ ትእዛዙ የሁላችን ነበር፣ ፍርሃቱ የሁላችን፣ ለቅሶውም የሁላችን። ጣቱ ግን የአንድ ሰው ነው። አለቃህም፣ ጓድህም፣ አገርህም ልውሰድልህ ይልሃል፤ ከልቡ ነው የሚለው። አይወስድልህም።

ቀኖናዬ አላለቀም፤ ገና አልቆረብኩም። እሑድ እሑድ ሰዉ ወደ ፊት ሲሄድ እኔ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። ልጅ ሆኜ ስለ ፍርድ ቀን ሲሰበክ ጆሮዬን እይዝ ነበር። አሁን አልይዝም። በዚህ ምድር እኔን የሚጠይቅ አጥቻለሁ፤ ሁሉም አመስግኖኝ ያልፋል። እዚያ ግን እንደምጠየቅ አምናለሁ። የዚያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረውን እኔ አላውቀውም፤ የሚፈርደው ያውቀዋል። ይነግረኛል። ብቻዬን ነው የምቆመው፤ ሰውየውም እዚያ ይኖራል። በስሙ ይጠራል። ያኔ እሰማዋለሁ።